«የት ጠፋህ?» የሚል ሰው ያለው ተማሪ

(በበይነ መረብ ለሚያስተምሩ የኮሌጅ መምህራን ከተደረገ ንግግር)

የተከበራችሁ የሥራ ባልደረቦቼ፣

በበይነ መረብ ማስተማር በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት አንድ ተማሪ ጠፋብኝ። እስከ አምስተኛው ሳምንት ድረስ ሥራውን በሰዓቱ ያስረክብ ነበር፤ ጽሑፉም ከልቡ የሚያስብ ሰው ጽሑፍ ነበር። በስድስተኛው ሳምንት ምንም አልላከም። ዜሮ መዘገብኩ። በሰባተኛውም ዜሮ። ከዚያ በኋላ ስሙን ልብ ማለት ተውኩ። ሴሚስተሩ አልቆ ውጤት ሳጠናቅር ከስሙ አጠገብ የተደረደሩትን ዜሮዎች አይቼ ደነገጥኩና ጻፍኩለት። የመለሰልኝ ሁለት ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር፦ «መምህር፣ አባቴ ዐርፈው ነበር። ከሐዘን ስመለስ የጠየቀኝ ሰው ስላልነበረ ትምህርቱ ያለ እኔም ይሄዳል ብዬ ተውኩት።»

ያ ተማሪ አላማረረኝም፤ ቢያማርረኝ ይሻለኝ ነበር። የነገረኝ ግን ስለ ሥራዬ እስከዚያ ቀን ያላየሁትን ነገር ነው። በመማሪያ ክፍል ውስጥ ሰው ሲቀር ወንበሩ ባዶ ይሆናል። ባዶ ወንበር ይታያል፤ ከጎኑ የሚቀመጠው ልጅ ይጠይቃል፣ መምህሩ ዐይኑን ያሳርፍበታል። በበይነ መረብ ግን የቀረ ተማሪና የተገኘ ተማሪ አንድ መልክ አላቸው። ሁለቱም ዝም ብለዋል። አንዱ ዝም ያለው እያነበበ ስለሆነ ነው፤ ሌላው ዝም ያለው ከሄደ ሦስት ሳምንት ስለሆነው ነው። ከእኛ ወገን ሆኖ ለሚያይ ልዩነቱ አይታወቅም።

በቋንቋችን ለብዙ ጊዜ ያላየነውን ሰው ስናገኝ «የት ጠፋህ?»፣ «ምነው ጠፋሽ?» እንላለን። ወቀሳ ይመስላል፤ ውስጡ ግን ፍቅር ነው። ስፍራህ ባዶ ነበር፣ እኔም አይቼዋለሁ ማለት ነው። ዛሬ ስለ በይነ መረብ ተማሪዎች ማኅበረሰብ እንድናገር ስትጋብዙኝ ከዚህ ጥያቄ የተሻለ መነሻ አላገኘሁም። ተማሪዎቻችን «የት ጠፋህ?» የሚላቸው ሰው አላቸው? ደግሞስ ያ ሰው እኛ ብቻ ነን፣ ወይስ እርስ በርሳቸውም ይጠያየቃሉ?

ብዙ ኮሌጆች ለዚህ ጉዳይ የሰጡትን መልስ ታውቁታላችሁ። በመጀመሪያው ሳምንት «ራሳችሁን አስተዋውቁ» ይባላል። ሁሉም ስሙን፣ የሚማረውን የትምህርት ዓይነትና የሚወደውን ነገር ይጽፋል። ከዚያ በየሳምንቱ «አንድ ሐሳብ ጻፉ፣ ለሁለት ጓደኞቻችሁም መልስ ስጡ» የሚል ሥራ ይመጣል። እኔም ለዓመታት እንዲሁ አደርግ ነበር። የሚመጣውን መልስ ደግሞ ሁላችንም በቃላችን እናውቀዋለን፦ «በጣም ጥሩ ሐሳብ ነው፣ በአንተ እስማማለሁ።» ይህን የሚጽፈው ተማሪ ሰነፍ አይደለም። የተጠየቀው መልስ መስጠት ነው፤ እርሱም ሰጥቷል። የጓደኛውን ጽሑፍ የሚፈልግበት ምክንያት አልሰጠነውም። ለማያስፈልግህ ነገር ከልብህ መልስ ስጥ ማለት ደግሞ የማይሆን ጥያቄ ነው።

የርቀት ትምህርት ይህን ችግር ያወቀው ኮምፒውተር ከመምጣቱ ከረጅም ጊዜ በፊት ነው። (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በ1840 አይዛክ ፒትማን በእንግሊዝ አገር አጭር ጽሕፈትን (ንግግርን በምልክት ፈጥኖ የመጻፍ ዘዴ) በፖስታ ማስተማር ሲጀምር፣ ተማሪው ሥራውን ይልካል፣ መምህሩ አርሞ ይመልሳል። ክሩ አንድ ብቻ ነበር፤ ከመምህሩ ወደ ተማሪው፣ ከተማሪው ወደ መምህሩ። በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች አንድ ዓይነት ትምህርት ሲማሩ አንዱ ሌላው መኖሩን አያውቅም። በ1858 የለንደን ዩኒቨርሲቲ የዲግሪ ፈተናዎቹን የትም ሆነው ለሚማሩ ሰዎች ሲከፍት በሩ ሰፋ። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ የብዙ ሰው ሕይወት ለውጧል። ተማሪው ግን አሁንም ብቻውን አጥንቶ ብቻውን የሚፈተን ሰው ነበር።

የእንግሊዙ ክፍት ዩኒቨርሲቲ በ1969 ተመሥርቶ በ1971 የመጀመሪያዎቹን ተማሪዎች ሲቀበል ብዙ ሰው የሚያወራው ስለ ቴሌቪዥኑ ነበር። ትምህርቱ በቢቢሲ ይተላለፋል፤ ዩኒቨርሲቲ ወደ ሳሎን ገባ ተባለ። እኔን ሁልጊዜ የሚያስደንቀኝ ግን ሌላው ክፍል ነው። ተማሪዎቹ ሥራቸውን አንብቦ አስተያየት የሚጽፍላቸው የየራሳቸው አስጠኚ ነበራቸው፤ በየአካባቢያቸው አብረው የሚሰበሰቡበት አነስተኛ ቡድን ነበራቸው፤ ብዙዎቹ ኮርሶችም አንድ ሳምንት የሚፈጅ የበጋ ትምህርት ነበራቸው። ማሰራጫውን ብቻ ይዘው መሄድ ይችሉ ነበር፤ ርካሽም ይሆንላቸው ነበር። መሥራቾቹ ግን ስርጭት ሰውን እንደማይተካ ገብቷቸው ነበር። እኛ ከሃምሳ ዓመት በኋላ የተቀዳ ቪዲዮ ገጽ ላይ አስቀምጠን «ኮርሱ ተዘጋጅቷል» ስንል፣ እነርሱ የተረዱትን ረስተናል ማለት ነው።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ልቤን የሚነካው የሮበን ደሴት ታሪክ ነው። ኔልሰን ማንዴላና አብረዋቸው የታሰሩት ሰዎች ከደቡብ አፍሪካ ዩኒቨርሲቲና ከለንደን ዩኒቨርሲቲ በተልእኮ ይማሩ ነበር። የሚደርሳቸው ወረቀት ነው፤ ያውም በጠባቂ ፈቃድ። ነገር ግን በኖራ ድንጋይ ማውጫው ውስጥ እየሠሩ ይወያዩ፣ የተማረው ያልተማረውን ያስተምር ነበር። ያ እስር ቤት «ዩኒቨርሲቲው» እየተባለ እስከ መጠራት ደረሰ። ማንዴላ የሕግ ዲግሪያቸውን ከደቡብ አፍሪካ ዩኒቨርሲቲ ያገኙት በ1989 ነው፤ ያን ጊዜም ገና እስረኛ ነበሩ። የእነዚያ ሰዎች ርቀት ከዩኒቨርሲቲው ነበር፤ ከባልንጀራቸው ግን አልነበረም። ስለዚህ ርቀት ስንል የትኛውን ርቀት ማለታችን እንደሆነ መጠየቅ አለብን።

የርቀት ትምህርት ተመራማሪው ማይክል ሙር ይህንኑ ጥያቄ አንስቶ የሚያሳስበን ርቀት በኪሎ ሜትር የሚለካው አይደለም ብሏል። የሚያሳስበው በመምህርና በተማሪ መካከል ያለው የመግባባት ክፍተት ነው፤ እርሱም የሚሰፋውና የሚጠበው በሚደረገው ንግግር መጠን፣ በኮርሱ አሠራር ግትርነትና ተማሪው ራሱን ለመምራት ባለው ዐቅም ነው። አራት መቶ ሰው በሚይዝ አዳራሽ የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ አራት ዓመት ማንም ስሙን ሳይጠራው የተመረቀ ሰው ከመካከላችሁ ይኖራል። እርሱ ከመምህሩ ሠላሳ ሜትር ርቆ ነበር፤ በሙር መለኪያ ግን ከእኔ የማታ ተማሪዎች ከአንዳንዶቹ ይልቅ ሩቅ ነበር። ይህን የምለው የፊት ለፊት ትምህርትን ለማቃለል አይደለም። ቅርበት በአካል ብቻ የሚመጣ ቢሆን ኖሮ እኔና እናንተ ዛሬ የምንነጋገርበት ጉዳይ አይኖረንም ነበር ለማለት ነው።

አሁን ይህን ሥራ የማይበትን መንገድ ከሥሩ ወደ ቀየረው ታሪክ ልግባ፤ ትንሽ እቆይበታለሁ።

በ1970ዎቹ ዩሪ ትሪስማን የሚባል ወጣት የሒሳብ ሰው በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በበርክሌይ አንድ ነገር ግራ ገባው። በካልኩለስ ኮርስ ጥቁር አሜሪካውያን ተማሪዎች በብዛት ይወድቃሉ፤ የቻይና ዝርያ ያላቸው ተማሪዎች ደግሞ በብዛት ጥሩ ውጤት ያመጣሉ። መምህራኑን ምክንያቱን ሲጠይቃቸው መልሱ ዝግጁ ነበር፤ ፍላጎት ማነስ፣ ደካማ ዝግጅት፣ የቤተሰብ ድጋፍ ማጣት፣ ድህነት። ትሪስማን በዚህ አልረካም። ከየወገኑ ሃያ ሃያ ተማሪዎች ይዞ እንዴት እንደሚያጠኑ ለወራት ተከታተለ፤ በሚያጠኑበት ስፍራ እየሄደ አያቸው።

ያገኘው ነገር ከግምቶቹ ጋር አልገጠመም። ጥቁር ተማሪዎቹ ትጉህ ነበሩ፤ ቤተሰቦቻቸውም ትምህርታቸውን ከልብ የሚደግፉ ነበሩ። ነገር ግን በሚበዛው ጊዜ ብቻቸውን ያጠኑ ነበር። ለእነርሱ ጥናት አንድ ነገር ነው፣ ጓደኝነት ሌላ ነገር ነው። የቻይና ዝርያ ያላቸው ተማሪዎች ደግሞ መጀመሪያ ለብቻቸው ይሠሩና ከዚያ ይሰበሰባሉ። አንዱ የሌላውን መልስ ያያል፣ ስሕተቱን ይነግረዋል፤ ማናቸውም ያልቻሉት ጥያቄ ካለ ችግሩ ከባድ መሆኑን ያውቃሉ፤ «እኔ ደካማ ስለሆንኩ ነው» ብለው አይሸማቀቁም። ብቻውን የሚያጠናው ተማሪ ይህን የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ጥያቄው ይከብደዋል፣ የከበደው እርሱን ብቻ ይመስለዋል፣ ያን ደግሞ ለማንም አይናገርም።

ትሪስማን ከዚያ ያደረገው ነገር ለእኛ ትልቅ ትምህርት ነው። ለደካሞች ማጠናከሪያ ብሎ አልጀመረም። ተማሪዎቹን በትንንሽ ቡድን ሰብስቦ ከመደበኛው ኮርስ የሚከብድ ጥያቄ ሰጣቸው፤ አንድ ሰው ብቻውን በቀላሉ የማይጨርሰውን። ተማሪዎቹ አብረው ለመሥራት ተገደዱ፤ እየሠሩ ተዋወቁ፤ ውጤታቸውም በግልጽ ተሻሻለ። ጓደኝነቱ ከሥራው በኋላ መምጣቱን አስተውሉ። እኛ ብዙ ጊዜ ቅደም ተከተሉን እንገለብጠዋለን፤ መጀመሪያ ይተዋወቁ፣ ከዚያ አብረው ይሠራሉ እንላለን። ሰው ግን ከማያውቀው ሰው ጋር ስለሚወደው ቀለም ከማውራት ይልቅ የጋራ ችግር ሲሰጠው በቶሎ ይግባባል።

ይህ በበይነ መረብ ላይ ይሠራል? ከራሴ ተማሪዎች ያየሁትን ልንገራችሁ። አሁን ኮርሱ ሲጀምር ተማሪዎቼን አራት አራት አድርጌ እመድባቸዋለሁ፤ ያ ምድብ እስከ ሴሚስተሩ መጨረሻ አይለወጥም። ቀድሞ በየሁለት ሳምንቱ እለዋውጣቸው ነበር፤ ብዙ ሰው እንዲያውቁ ብዬ ነው። ትልቅ ስሕተት ነበር። ሰው አንድን ሰው ለማመን ጊዜ ይፈልጋል፤ እኔ ግን ልክ መተማመን ሲጀምሩ እለያያቸው ነበር።

ስለ ቁጥሩ አንድ ነገር ልጨምር። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንላለን፤ እውነት ነው። ነገር ግን ማክስ ሪንገልማን የሚባል ፈረንሳዊ የግብርና መሐንዲስ ሰዎችን ገመድ አስጎትቶ ኃይላቸውን ለካና በ1913 ያሳተመው ውጤት ሌላ ነገር ያስታውሰናል። የሚጎትቱት ሰዎች ቁጥር በጨመረ መጠን የእያንዳንዱ ሰው ጉተታ ይቀንሳል። ከፊሉ ምክንያት ብዙ ሰው እኩል መጎተት ስለሚከብደው ነው፤ ከፊሉ ደግሞ የአንድ ሰው መላላት በብዙዎች መካከል ስለማይታወቅ ነው። በአሥር ሰው ቡድን ውስጥ የአንድ ተማሪ መቅረት አይታወቅም። በአራት ሰው ቡድን ውስጥ ግን ሩቡ ሥራ ይጎድላል። እኔ የምፈልገው እንዲጎድል ነው። መቅረቱ የሚጎዳ ሰው ነው የሚፈለገው።

ሥራውም ሊከፋፈል የማይችል መሆን አለበት። «ምዕራፍ ሦስትን አቅርቡ» ስላቸው አንዱ መግቢያውን፣ አንዱ መካከሉን፣ አንዱ መደምደሚያውን ይይዝና ሳይነጋገሩ ሰፍተው ይልኩልኛል፤ ስፌቱም ይታያል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ የተለያየ መረጃ እሰጣለሁ፤ ለአንዱ ሠንጠረዡን፣ ለአንዱ የባለሙያውን ዘገባ፣ ለሌላው የተቃዋሚውን ክርክር፣ ለአራተኛው ደግሞ የደንቡን ጽሑፍ። ጥያቄው አንድ ነው፤ አራቱ መረጃዎች ካልተገናኙ ግን አይመለስም። አንዱ ተማሪ ሲቀር ሌሎቹ መፈለጋቸው አይቀርም፤ የያዘው ነገር በእርሱ እጅ ብቻ ነውና። ይህን ሳዘጋጅ ብዙ ሰዓት ይፈጅብኛል፣ አልዋሻችሁም። አንድ ጊዜ ካዘጋጀሁት በኋላ ግን ለሚቀጥለውም ዓመት ያገለግለኛል።

በመምህሩ በኩል ያለውንም ልናገር። በ2000 ጋሪሰን፣ አንደርሰንና አርቸር የሚባሉ በካናዳ የሚሠሩ ሦስት ምሁራን በበይነ መረብ ትምህርት ውስጥ ሦስት ዓይነት «መገኘት» እንደሚያስፈልግ ጽፈዋል፤ የማሰብ፣ የማኅበራዊ ኑሮና የማስተማር። ከሦስቱ የመጨረሻውን እኛ ብዙ ጊዜ እንዘነጋዋለን፤ ቪዲዮውን ስለ ጫንን የተገኘን ይመስለናል። ተማሪው ግን ቪዲዮው ባለፈው ዓመት የተቀዳ መሆኑን ያውቃል። መገኘታችን የሚታወቀው የዚህን ሳምንት ነገር ስንናገር ነው፤ «ትናንት ማታ የሦስተኛው ቡድን ያነሣው ጥያቄ እኔንም አሳስቦኛል» ስንል፣ ስም ስንጠራ፣ ለምን ጥሩ እንደሆነ ለይተን ስንጽፍ። እኔ ሰኞ ሰኞ ጠዋት አንድ ሰዓት መድቤ ባለፈው ሳምንት ድምፁ ያልተሰማውን ተማሪ ሁሉ እፈልጋለሁ። የምጽፍለት ስለ ዜሮው አይደለም። «ባለፈው ሳምንት አላየሁህም፤ ደኅና ነህ?» ብቻ ነው። ብዙዎቹ በዚያው ቀን ይመልሳሉ። አንዳንዶቹ ለመተው ወስነው የነበሩ መሆናቸውን የምሰማው በኋላ ነው።

ስለ ካሜራ ጥያቄ እንደምታነሡ አውቃለሁና አስቀድሜ ልመልስ። «ሁላችሁም ካሜራችሁን ክፈቱ» ማለት ማኅበረሰብ አይፈጥርም። በ2020 ወረርሽኙ ትምህርት ቤቶችን ሲዘጋና በመላው ዓለም ከ1.5 ቢሊዮን በላይ ተማሪዎች ከክፍላቸው ሲወጡ፣ ያን ድካም ሁላችንም በሰውነታችን አይተነዋል። ጄረሚ ቤይለንሰን የተባለው የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ በ2021 ምክንያቶቹን ሲዘረዝር፣ ከቅርብ ሆነው የሚያፈጡብን ብዙ ዐይኖችን፣ የራስን ፊት ሰዓታት ሙሉ ማየትን፣ ከአንድ ስፍራ አለመንቀሳቀስንና በምልክት ለመግባባት የሚጠይቀውን ተጨማሪ ድካም ጠቅሷል። በዚህ ላይ የአንዳንዱ ተማሪ ቤት ለእንግዳ ዐይን የማይከፈት ነው፤ ከአምስት ሰው ጋር በአንድ ክፍል የሚኖር አለ። ፊቱን እንዲያሳይ ማስገደድ ማኅበረሰብ ከምንለው ነገር ተቃራኒ ነው። በድምፅ ብቻ ተገናኝተው ከልብ የተወዳጁ ቡድኖች አይቻለሁ።

አሁን ከሁሉ የሚከብደውን ተቃውሞ ላንሣ፤ በቅን ልብ የሚነሣ ስለሆነም ተገቢ መልስ ይገባዋል። «እነዚህ ሰዎች ሥራ ያላቸው፣ ልጆች የሚያሳድጉ ናቸው። የመጡት ለዲግሪ ነው። ጓደኛ አልጠየቁንም» ትሉኝ ይሆናል። በምርምሩ ዓለምም ይህ ክርክር ተነሥቷል። ቪንሰንት ቲንቶ የተባለ ተመራማሪ በ1975 ተማሪ ትምህርቱን የሚያቋርጠው በችሎታ ማነስ ብቻ እንዳልሆነ፣ ከተቋሙ የትምህርትና የማኅበራዊ ኑሮ ጋር መዋሐድ አለመቻሉም ትልቅ ድርሻ እንዳለው አስረዳ። ከአሥር ዓመት በኋላ በ1985 ቢን እና ሜትዝነር የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ተነሥተው ይህ በግቢ ውስጥ ለሚኖረው ወጣት እውነት ሊሆን ይችላል፤ ሥራና ቤተሰብ ላለው ጎልማሳ ተማሪ ግን ከግቢው ጓደኝነት ይልቅ የሚወስነው ከውጭ ያለው ኑሮው ነው አሉ፤ የሥራ ሰዓቱ፣ ገንዘቡ፣ የቤተሰብ ኃላፊነቱ።

እኔ ቢንና ሜትዝነር ትክክል ይመስሉኛል። የማታ ፈረቃ የምትሠራ አንዲት ተማሪ ነበረችኝ። «ቅዳሜ ምሽት የመተዋወቂያ ዝግጅት አለ» የሚል ማስታወቂያ ስናወጣ ለእርሷ አንድ ተጨማሪ ያላሟላችው ግዴታ ጨመርንባት ማለት ነው። ባለመምጣቷም ከሌሎቹ የራቀች መሰላት። ስለዚህ ማኅበረሰብ በትምህርቱ ላይ የሚጨመር ሸክም ከሆነ አልፈልገውም። በትምህርቱ ውስጥ፣ ሊሠሩት ግድ በሆነው ሥራ ውስጥ የሚገባ መሆን አለበት። ሁሉም በአንድ ሰዓት መገናኘት ካልቻሉ የድምፅ መልእክት ይበቃል፤ ያቺ ተማሪ ከሥራ ስትወጣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የሦስት ደቂቃ ድምፅ ትልክ ነበር፤ ሌሎቹ ጠዋት ሰምተው ይመልሱላታል። ደግሞም ጎልማሳ ተማሪ ጓደኛ ባይፈልግም የሚያስፈልገው ነገር አለ። ልጁ ታሞ ሌሊቱን ያልተኛ ሰው ልክ እንደ እርሱ ሌሊቱን ያልተኛ ሌላ ተማሪ መኖሩን ማወቁ ብቻ ያጸናዋል።

ተማሪዎቹ እኛ በሌለንበት የሚከፍቱትን የመልእክት ቡድን በተመለከተ የምመክረው አጭር ነው። አትግቡበት። የሚያሙንም እዚያ ነው፣ የሚረዳዱትም እዚያ ነው፤ ሁለቱም ያስፈልጋቸዋል። ማንም ሳይጨመር እንዳይቀር ብቻ በመጀመሪያው ሳምንት አስታውሷቸው፤ ሳይጨመር የቀረ አንድ ተማሪ ጉዳቱ ቡድን ጨርሶ ባይኖር ከሚደርስበት ይበልጣል።

በዚህ አዳራሽ የኮሌጅ ኃላፊዎችም እንዳላችሁ አይቻለሁ፤ ለእናንተ አንድ ቃል አለኝ። አንድ መምህር ሰኞ ጠዋት በአንድ ሰዓት ውስጥ የጠፉትን ሊፈልግ የሚችለው ተማሪዎቹ አርባ ሲሆኑ ነው። ሁለት መቶ ሲሆኑ ያው መምህር፣ ያው ልብ ይዞ፣ ዜሮ ከመመዝገብ ሌላ የሚችለው ነገር የለም። በይነ መረብ ወንበር አይቆጥርምና ቁጥሩን መጨመር ይቀልላል፤ ፈተናውም እዚህ ላይ ነው። ስለ ተማሪዎች መቆየት ከልብ የምታስቡ ከሆነ ከአዲሱ ሶፍትዌር በፊት ለአስጠኚ በጀት መድቡ። የ1971ዱ ዩኒቨርሲቲ ይህን አድርጎታል።

በዚህ ሴሚስተር የሆነውን ነግሬያችሁ ልቀመጥ። በሰባተኛው ሳምንት ሰኞ ጠዋት እንደ ልማዴ የጠፉትን ስፈልግ የአንዲት ተማሪ ስም አገኘሁ። ልጽፍላት ስል ከቡድኗ የመጣ መልእክት ቀድሞ ደርሶ ነበር። እንዲህ ይላል፦ «መምህር፣ ከሐሙስ ጀምሮ ስላላየናት ደወልንላት። እናቷ ሆስፒታል ገብተዋል። ሠንጠረዡን ፎቶ አንሥታ ልካልናለች፤ የእርሷን ክፍል ሦስታችን ይዘነዋል። ዓርብ እመለሳለሁ ብላለች፤ እስከዚያ እንጠብቃታለን።»